ቴስታው ሳይታጠብ

ከናፍጣ ሞተር ላይ የወረደ ቴስታ ሁለት ጊዜ መታየት አለበት፤ አንዴ እንደቆሸሸ፣ አንዴ ከታጠበ በኋላ። በየጋራዡ የሚዘለለው የመጀመሪያው ነው። ቴስታው ገና ከሞተሩ ላይ ከመነሳቱ አንዱ ልጅ ናፍጣና ብሩሽ ይዞ ይመጣል። ብዙም ሳይቆይ ጥቀርሻው ተፍቆ፣ ብረቱ ነጥቶ፣ ወደ ሬክቲፊካ ለመሄድ በር ላይ ይቀመጣል። ልጁ ከትጋት ነው ያደረገው። ነገር ግን ሞተሩ ለምን እንደተጎዳ ሊመሰክር የሚችለው ሁሉ ከጥቀርሻው ጋር ታጥቦ ሄዷል። የቀረው ምን እንደተጎዳ ብቻ ነው፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የተሠራ ቴስታ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል።

ምርመራው የሚጀምረው ከአፈታቱ ነው። ትኩስ ሞተር ላይ የቴስታ ብሎን አይፈታም፤ ብረቱ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ይጠበቃል። ከዚያም ከሁለቱ ዳር ተጀምሮ ወደ መሃል፣ በሁለትና በሦስት ዙር፣ ቀስ እየተባለ ይላላል። ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ እስከ ሌላው አከታትሎ መፍታት፣ በተለይ አሉሚኒየም ቴስታን፣ ያልነበረበትን ጉብጠት ይሰጠዋል፤ በኋላ የሚለካው ጉብጠት ከሞተሩ ይምጣ ከፈቺው የሚለይ አይኖርም። እያንዳንዱ ብሎን በምን ያህል ጉልበት እንደተላቀቀም ልብ ማለት ነው። ሌሎቹ እየጮኹ ሲፈቱ አንዱ ያለ ትግል ከዞረ፣ ጓርኒሲዮኑ የነደደው ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። ካምሻፍታቸው ቴስታው ላይ በሆኑ ሞተሮች አንዳንድ ቫልቮች ተከፍተው ከቴስታው ፊት ወጣ ብለው ይቆማሉ፤ ስለዚህ ቴስታው በፊቱ መሬት ላይ አይደፋም፣ ሁለት ጣውላ ላይ ይቀመጣል።

ቴስታውና ጓርኒሲዮኑ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ንባቡ ይጀመራል። ጓርኒሲዮኑ ላይ ከአንዱ ሲሊንደር ወደ ጎረቤቱ የሚሻገር ጥቁር መንገድ ካለ፣ የሚነደው ጋዝ በሁለቱ መካከል ሲያልፍ ኖሯል። መንገዱ ወደ ውሃ ቀዳዳው ካመራ ደግሞ ሹፌሩ «ራዲያተሩ ውሃ ይገፋል» ሲል የከረመበት ምክንያት ይኸው ነው። ቀጥሎ የሲሊንደሮቹ ቀለም ይታያል። ሦስቱ ጥቁር ሆነው አንዱ ብቻ ታጥቦ እንደ አዲስ ከነጣ፣ እዚያ ውሃ ሲገባና በእንፋሎት ሲያጸዳው ነበር ማለት ነው፤ ስንጥቅ ካለ ቅድሚያ የሚፈለገው በዚያ ሲሊንደር ነው። ዘይት የተጠራቀመበት ካለ ወደ ቫልቭ መሪውና ወደ ፒስተን ቀለበቱ ያሳስባል። ይህ ሁሉ መረጃ በአንድ ብሩሽ ይጠፋል። ቢያንስ በስልክ ፎቶ ይነሳ፤ ባለመኪናውም ቢያየው መልካም ነው፤ በኋላ ስለ ወጪው ስንነጋገር ያየው ነገር ከእኔ ቃል በላይ ያስረዳዋል።

እኔ ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የምሰጠው ለውሃ መተላለፊያዎቹ ነው። በባትሪ እያበራሁ፣ በቀጭን ሽቦ እየነካሁ አያቸዋለሁ። ቀይ ጭቃ ካለ ሞተሩ ያለ ፀረ ዝገት ፈሳሽ፣ በቧንቧ ወይም በወንዝ ውሃ ሲሠራ ኖሯል። ነጭና ጠንካራ ቅርፊት ካለ ጉዳዩ ይብሳል። ይህ ከውሃው የወጣ ድንጋይ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከብረቱ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ ቅርፊት በቫልቮቹ ጀርባ ሲለጠፍ፣ በዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ምንም ሳያሳይ ያ ቦታ ብቻውን ይግላል። ሹፌሩ «ሙቀት አልወጣም» ብሎ ሲምል እውነቱን ሊሆን ይችላል።

አዲስ አበባ ላይ የምንሠራ መካኒኮች ደግሞ የከፍታውን ነገር መርሳት የለብንም። እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ብቻ ነው። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ወይም ስፕሪንጉ ከሰለለ፣ በባሕር ጠረፍ ከተማ ሊሸፈን የሚችል ችግር እዚህ ወዲያው መፍላትን ያመጣል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ ጭነት መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይገፋል፤ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን በሚሰጥበት በዚያ ሰዓት፣ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ውሃው የሚፈላበት ሙቀት እየወረደ ይሄዳል። መኪናው ዳገት ላይ ፈልቶ ሲቆም ረዳቱ ከጀሪካን የሚያፈሰው ቀዝቃዛ ውሃ ነው ቴስታውን የሚጨርሰው። የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የደፋ ሰው የሚሆነውን ያውቃል፤ ቴስታም ሲሆን ያው ነው።

ቴርሞስታት አውጥቶ መጣልን በተመለከተ አቋሜ የማያወላዳ ነው። «ለእኛ አገር አያስፈልግም» የሚለው አባባል ብዙ ቴስታ በልቷል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት፣ ውሃው ራዲያተር ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ አብሮ ይዘጋል። ቴርሞስታቱ ከወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል። በሜዳ ላይ ሞተሩ ከሚገባው በታች ቀዝቅዞ ይሠራል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ይግላል። ስለዚህ ቴስታ ሳወርድ የቴርሞስታቱ ቤት ባዶ ሆኖ ካገኘሁት የጉዳቱ ግማሽ ታሪክ ተነገረኝ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ከተመዘገበ በኋላ ይታጠብ። አሁን የሚፈለገው ስንጥቅ ነው። በናፍጣ ሞተር ቴስታ ላይ የሚሰነጠቀው በአብዛኛው በአየር ማስገቢያውና በጭስ ማውጫው ቫልቭ መቀመጫዎች መካከል ያለው ጠባብ ድልድይ ነው። በአንድ ወገኑ የሚወጣው የጋለ ጭስ፣ በሌላው ወገኑ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር ነው፤ ከጀርባው ያለው ውሃ በቂ ካልሆነ ብረቱ ሲሰፋና ሲኮማተር ይደክማል። በቶዮታ ኤል ቤተሰብ፣ ማለትም በሚኒባሶቻችንና በአሮጌ ሃይሉክሶች ላይ ባሉት 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል፣ እንዲሁም በላንድክሩዘሩ 1ኤችዜድ ላይ ናፍጣው መጀመሪያ የሚነድባት ትንሽ ክፍል ቴስታው ውስጥ ናት። ሙቀቱ እዚያ ይከማቻል፤ ከዚያች ክፍል አፍ ወደ ቫልቭ መቀመጫ የሚሄድ ስንጥቅም በእነዚህ ሞተሮች ላይ የታወቀ ነው። ያለ ቱርቦ የተሠራውን 1ኤችዜድ ቱርቦ የሚገጥሙለት ሰዎች ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ስንጥቅ ሁሉ ግን ቴስታ ያስጥላል ማለት አይደለም። ለምሳሌ ቮልስዋገን ለ1.9 ሊትር ናፍጣ ሞተሮቹ ባወጣው መመሪያ፣ በቫልቭ መቀመጫዎች መካከል ያለ ስንጥቅ ስፋቱ ከ0.5 ሚሊሜትር ካልበለጠ ቴስታው ሊሠራ እንደሚችል ይፈቅዳል። ይህ ፈቃድ ለዚያ ሞተር እንጂ ለሁሉም አይደለም፤ የእያንዳንዱን ሞተር መመሪያ ማየት ግድ ነው። ለእኔ የሚፈርደው ግን ዓይን ሳይሆን ግፊት ነው። የውሃ ቀዳዳዎቹ በብረት ሳህንና በጎማ ይዘጋሉ፣ ከ2 እስከ 4 ባር አየር ይሞላል፣ ቴስታው ሙቅ ውሃ ውስጥ ይገባል። ውሃው መሞቁ አስፈላጊ ነው፤ በቀዝቃዛ ብረት ላይ ተጨፍኖ የሚቆይ ስንጥቅ ሲሞቅ ይከፈታል። አረፋው ከጭስ ማውጫው ቀዳዳ ውስጥ፣ ዓይን ከማይደርስበት ቦታ ሲወጣ ያየ ሰው ዳግመኛ በዓይን ብቻ አይፈርድም።

የግፊት መሣሪያ በሌለበት ሌሎች መንገዶች አሉ። ቀዩ የስንጥቅ ማሳያ ቀለም ለብረትም ለአሉሚኒየምም ይሆናል፤ ተቀብቶ ይቆያል፣ ይጠረጋል፣ ነጩ ዱቄት ሲነፋበት ቀይ መስመር ይወጣል። ማግኔትና የብረት ዱቄት ለብረት ቴስታ ብቻ ነው። ማግኔቱ በሁለት አቅጣጫ መቀመጥ አለበት፤ ከማግኔቱ መስመር ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ አይታይምና። ድሮ ከሚሠሩ ሰዎች የመጣው የነጭ ጋዝና የጠመኔ ዘዴም ዛሬ ድረስ ያገለግላል፤ ቦታውን ነጭ ጋዝ አጠጥቶ፣ ደህና አድርጎ ወልውሎ፣ ጠመኔ መበተን፤ ስንጥቁ የደበቀው ጋዝ ጠመኔውን ያረጥበዋል። ከሁሉም በፊት ግን ቴስታው በአሸዋ ወይም በጥይት መሰል ብናኝ እንዳይነፋ። ይህ አነፋፍ የብረቱን ገጽ አሽቶ የስንጥቁን አፍ ይደፍነዋል፤ ከዚያ በኋላ ቀለሙም ጋዙም መግቢያ አያገኙም።

ጉብጠት ቀጥ ባለ የብረት ማስመሪያና በፊለር ጌጅ ይለካል፤ በሁለቱ ጎኖች ርዝመት፣ በሁለቱ ጫፎች ወርድና በሁለቱ ሰያፍ። የሚፈቀደው መጠን እንደ ሞተሩ ከ0.05 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ባለው ውስጥ ይለያያል። ይህ ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ ከዚያ በኋላ የሚወሰነው ነው። «ይላግ» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን በናፍጣ ሞተር ፒስተኑ ከላይ ሲደርስ ከቴስታው ጋር የሚኖረው ክፍተት ከ1 ሚሊሜትር እምብዛም አይዘልም። ፊቱ በተላገ ቁጥር ቫልቮቹ ወደ ፒስተኑ ይጠጋሉ፤ መቀመጫቸው እንደገና ወደ ውስጥ መቆረጥ አለበት። የተላገ ቴስታን በወፍራም ጓርኒሲዮን ማካካስ ደግሞ ልማድ ሆኗል። በቶዮታ ኤል ሞተሮች ጓርኒሲዮኑ ቢ፣ ዲ እና ኤፍ እየተባለ በሦስት ውፍረት ይመጣል፤ ፊደሉ የሚመረጠው ግን ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት በላይ የሚወጣበት መጠን ተለክቶ ነው። የቴስታውን መሳሳት ያ ፊደል አያውቅም።

ሌላም አለ። እንደ ቀስት የጎበጠ ቴስታ የሚጎብጠው ከላይም ከታችም ነው። ታቹ ሲላግ ፊቱ ቀጥ ይላል፤ ካምሻፍቱ የሚያርፍባቸው ቤቶች ግን እንደጎበጡ ይቀራሉ። ስለዚህ ቫልቮቹ ሳይገጠሙ ካምሻፍቱን አስቀምጦ፣ ክዳኖቹን በልኩ አስሮ በእጅ ማዞር ነው። በሁለት ጣት በነፃ ካልዞረ ያ ቴስታ መላግ ብቻ አይበቃውም። አሉሚኒየም ቴስታ ባላቸው እንደ 1ኬዜድና 1ኬዲ ባሉት ላይ ይህ ይበረታል፤ አሉሚኒየም በተመሳሳይ ሙቀት ከብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል፤ ከልክ በላይ ከጋለም ጥንካሬውን ያጣል። የለሰለሰ አሉሚኒየም ቢላግም ብሎኑ ሲጠብቅ ይሰምጣል፤ ጥንካሬው ሳይለካ ገንዘብ አይፈስበትም። በሲኖትራኮቹ ላይ ያለው ደብልዩዲ615 በዚህ ረገድ ለባለቤቱ ይራራል፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ቴስታ ስላለው የተሰነጠቀው ብቻ ተነጥሎ ይቀየራል።

ስለ ቫልቮች ብዙ አልልም። መሪያቸው ውስጥ መወዝወዛቸው ይለካል፣ ከቴስታው ፊት የገቡበት ጥልቀት ይለካል፣ ከተሻሹ በኋላ በመግቢያና መውጫው በኩል ነጭ ጋዝ ተሞልቶ መቀመጫው እንደማያፈስ ይታያል።

ውሃ የሚያሳልፍ የብረት ቴስታ በቫልቮቹ መካከል ከተሰነጠቀ ብየዳ አልመክርም። የብረት ቴስታ ሙሉ በሙሉ ሞቆ፣ በኒኬል ዘንግ ተበይዶ፣ ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ ከብየዳው አጠገብ ሌላ ስንጥቅ ያወጣል። አዲስ ቴስታ ግን ውድ ነው፤ ዕለታዊ ገቢው በመኪናዋ ላይ የተመሠረተ ባለ ሚኒባስ ይህን ስነግረው ፊቱ ሲቀየር አያለሁ፣ ያሳዝነኛልም። ብዙ ጊዜ መንገዱ ወደ ሶማሌ ተራ ይሆናል፣ ያገለገለ ቴስታ ፍለጋ። እዚያ ሁለት ቴስታ ጎን ለጎን ቢቀርብልኝ፣ አንዱ ታጥቦ ብርማ ቀለም የተቀባ፣ ሌላው ጥቀርሻው እንዳለ፣ የቆሸሸውን እመርጣለሁ። አራቱም ክፍሎቹ እኩል ጠቁረው፣ የውሃ መንገዱ ውስጥ ድንጋይ ሳይኖር ካየሁት የት እንደኖረ አውቃለሁ። የተቀባው ምን እንደደረሰበት የሚነግረኝ የለም። የተመረጠውም ቢሆን ግፊት ሳይፈተን አይገጠምም፤ ይህን ከሻጩ ጋር ሳልስማማ ገንዘብ እንዲከፈል አልፈቅድም።

ቴስታው ተመልሶ ከመታሰሩ በፊት ራዲያተሩ ወርዶ ይታያል፣ ክዳኑ ግፊት መያዙ ይፈተሻል፣ ቴርሞስታቱም ይሞከራል። እዚህ ላይ አንድ ለከተማችን የሚሆን ነገር አለ። ለብዙ የቶዮታ ቴርሞስታቶች መመሪያው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ መከፈት እንዲጀምር፣ በ95 ዲግሪ 8 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ እንዲከፈት ያዝዛል። አዲስ አበባ ላይ በክፍት ድስት የሚፈላ ውሃ 95 አይደርስም፤ ደህናው ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ተብሎ ይጣላል። ውሃውን ከራዲያተር ፈሳሽ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሎ ማሞቅ ነው፤ ድብልቁ ከ95 በላይ ሳይፈላ ይዘልቃል። ፈሳሹ መርዝ ስለሆነ ሥራው ከቤት ውጭ ይሠራ፣ ድስቱም ወደ ወጥ ቤት አይመለስ።