የድርቆሽ ትኵሳት፤ ስለ ዶክተር ብላክሊ መጽሐፍ የቀረበ ትችት

ቻርልስ ብላክሊ በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ ሐኪም ነበሩ። በ1873 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ (ዘመኑ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በሣር ማበቢያ ወራት ሰውን ስለሚያስነጥሰው፣ ዓይንን ስለሚያስለቅሰውና የአንዳንዱንም ትንፋሽ ስለሚያሳጥረው ሕመም ይናገራል። እንግሊዞች የድርቆሽ ትኵሳት ይሉታል፤ ዛሬ የአፍንጫ አለርጂ የምንለው ነው። ከእርሳቸው በፊት ጆን ቦስቶክ በ1819 የራሳቸውን ሕመም ለለንደን ሐኪሞች ገልጸው ነበር፤ ምክንያቱን ግን በበጋ ሙቀት ላይ ጣሉት።

ብላክሊ ግምት አልበቃቸውም። ራሳቸው የሕመሙ ተጠቂ ስለ ነበሩ ሙቀትን፣ ብርሃንን፣ ኦዞንን፣ የድርቆሽን ሽታና አቧራን በየተራ በራሳቸው ላይ ፈተኑ። አንድ ቀን ሠረገላ ያስነሣው የመንገድ አቧራ ቢያስነጥሳቸው፣ አቧራውን በማይክሮስኮፕ አይተው የአበባ ብናኝ አገኙበት። ከዚያ በኋላ የክንዳቸውን ቆዳ ፍቀው የሣር ብናኝ አኖሩበት፤ ሌላውን ቦታ እንዲሁ ፍቀው ያለ ብናኝ ተዉት። ያበጠው ብናኝ የነካው ብቻ ሆነ። የዛሬው የቆዳ ምርመራ ከዚህ እምብዛም አይርቅም። ደግሞም የሚያጣብቅ ነገር የተቀባ ብርጭቆ ደጅ እያኖሩ የተያዘውን ብናኝ በየቀኑ ቈጠሩ፤ በነፋስ ኃይል በሚነሣ ክር በታሰረ ወረቀት ብርጭቆውን ወደ ሰማይ እስከ መስደድ ደረሱ።

አንዳንድ አንባቢ መጽሐፉን የሚነቅፈው ሁሉም ነገር በአንድ ሰው አፍንጫ ላይ የተመሠረተ ነው በማለት ነው። ነቀፋው ግማሽ እውነት አለው። ፈታኙና ተፈታኙ አንድ ሰው ነው፤ ምን እንደሚያሸትም አስቀድሞ ያውቃል። ይሁን እንጂ የክንዱ እብጠት ለፈቃድ የሚታዘዝ አይደለም፤ የብናኙም ቍጥር ከሕመሙ ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ ማለቱ ቀላል ማስረጃ አይደለም።

ደካማው ክፍል ሌላ ነው። ብናኝ ከሁሉ ይልቅ የሚያገኘው ገበሬ ስለ ምን አይታመምም ሲሉ ይጠይቃሉ፤ ጥያቄው እጅግ መልካም ነው። ለመልሱ ግን የተማረ ሰው አእምሮ ለሕመሙ ያጋልጣል የሚል ሐሳብ ያስገባሉ። ወደ ሐኪም የሚመጣው ማን እንደ ሆነ እንኳ አላመዛዘኑም! ገበሬው ብናኙን ለምዶት ይሆናል የሚለው ሁለተኛው ግምታቸው የተሻለ ነው፤ ምንም እንኳ ስትራካን በ1989 ታላላቅ ወንድሞችና እኅቶች ያሉት ልጅ ለዚህ ሕመም እምብዛም እንደማይጋለጥ ካሳዩ ወዲህ ክርክሩ ከብናኝ ወደ ልጅነት ኑሮ ቢዞርም።

ለእኛ ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን የአፍንጫና የሳንባ ነገር ነው። ብላክሊ ብናኝ አብዝተው ሲስቡ ትንፋሽ አጥሯቸዋል፤ ስለዚህም ማስነጠሱንና አስሙን የአንድ ሕመም ሁለት መልክ አደረጓቸው። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል። የቆዳ ምርመራ የሚያሳየው ሰውነት አንድን ነገር ለይቶ መቈጣቱን ነው፤ የዚህም መሣሪያ የሆነው ኢሚኖግሎቡሊን ኢ የታወቀው ገና ከ1966 ወዲህ ነው። የአየር ቧንቧ ቍጡነት ግን የሚለካው ሜታኮሊን በማስተንፈስ፣ በአንድ ሴኮንድ በኃይል የሚወጣው ትንፋሽ በመቶ 20 የሚቀንስበትን መጠን በመፈለግ ነው። አስም የሌለበት የአፍንጫ አለርጂ በሽተኛ ቧንቧው ቍጡ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ በክንዱ ላይ እኩል እብጠት የወጣበት ጓደኛው ግን ጤነኛ ሳንባ ይኖረዋል። የቆዳ እብጠት አይተው ስለ ሳንባ የሚፈርዱ ተማሪዎች ዛሬም አሉና ይህን መለየት ትርፍ ነገር አይደለም።

ደግሞ የመጠን ጥያቄ አለ። ብላክሊ በክንዳቸው የፈተኑት ሣር የእኛ እንክርዳድ የቅርብ ዘመድ ነው። የብናኙ ፍሬ ሠላሳ ማይክሮን ያህል ስለሚሆን አብዛኛው አፍንጫ ላይ ይቀራል። ታዲያ ወደ ሳንባ የሚወርደው ምንድን ነው? የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ1992 እንዳስረዱት፣ ፍሬው ውኃ ሲነካው ይፈነዳና ከ3 ማይክሮን ያነሱ የስታርች ቅንጣቶችን ይረጫል። በኅዳር 2016 በሜልቦርን ከተማ ነጎድጓድ ሲነሣ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ትንፋሽ አጥሯቸው ወደ ሐኪም ቤት ሮጡ፤ አሥር ሰዎችም ሞቱ። ከታመሙት ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የሚያውቁት ማስነጠስን እንጂ አስምን አልነበረም። የማንቸስተሩ ብርጭቆ የሚቈጥረው ፍሬውን እንጂ ስባሪውን ስላልነበረ፣ እንዲህ ያለውን ቀን ሊያመለክት አይችልም ነበር።