እውናዊነት፣ ሞዴልና ችጋር፤ የምጣኔ ሀብት ፍልስፍናዊ መሠረት በወሎ ማስረጃ ሲፈተሽ

የምጣኔ ሀብት ምሁራን ስለ ሞዴሎቻቸው እውነተኛነት ሲከራከሩ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ስም ሲጠሩ ይስተዋላል። አንደኛው፣ ሞዴሉ የሚነሣባቸው እሳቤዎች የገሐዱን ዓለም ዝርዝር ምን ያህል ይመስላሉ? የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሞዴሉ አለ የሚለው ነገር በእርግጥ አለን? ካለስ ሌላውን ነገር የማስከተል ኃይል አለውን? የሚል ነው። ፊንላንዳዊው ፈላስፋ ኡስካሊ ማኪ ሁለቱን ለይቶ ማየት እንደሚገባ ደጋግመው አሳስበዋል። በአማርኛ የመጀመሪያውን «እውን መሰልነት»፣ ሁለተኛውን «እውናዊነት» ብሎ መለየት ይቻላል። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ችጋር እንደሚያሳየው፣ አንድ ንድፈ ሐሳብ «አለ» ብሎ የሚነሣበት ነገር የትኛውን ተጎጂ እንደሚያይና የትኛውን እንደማያይ አስቀድሞ ይወስናል።

ለእውን መሰልነት ጥያቄ በጣም የታወቀውን መልስ የሰጡት ሚልተን ፍሪድማን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት፣ የምጣኔ ሀብትን የጥናት ዘዴ በሚመለከተው ድርሰታቸው፣ ንድፈ ሐሳብ የሚመዘነው በእሳቤዎቹ እውነትነት ሳይሆን በትንበያው ትክክለኛነት ነው ሲሉ ተከራከሩ። ለማስረዳትም የዛፍ ቅጠልን ምሳሌ አቀረቡ፤ እያንዳንዱ ቅጠል የሚደርሰውን የፀሐይ ብርሃን ለማብዛት አስልቶ ቦታውን እንደመረጠ አድርጎ መገመት የቅጠሎቹን አቀማመጥ ለመተንበይ ያስችላል። ቅጠል እንደማያሰላ የታወቀ ቢሆንም፣ ትንበያው እስከሰመረ ድረስ ግምቱ አይነቀፍም። ምንም ሳይተው ሁሉንም የሚይዝ ሞዴል ማንም ሠርቶ ስለማያውቅ ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ሆኖም አለን መስግሬቭ እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳመለከቱት፣ «እሳቤ» በሚለው አንድ ቃል ሥር ሦስት ነገሮች ተደባልቀዋል። አንዱ ውጤቱን ብዙም ስለማይለውጥ የሚተውን ነገር ያመለክታል፤ ሌላው ንድፈ ሐሳቡ የሚሠራበትን ክልል ይወስናል፤ ሦስተኛው ለጊዜው ተይዞ በኋላ የሚስተካከል መረማመጃ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት የተተወው ነገር በዓለም ላይ ቢኖርም ብዙ አይጎዳም፤ ሁለተኛው ሐሰት በሆነበት ቦታ ግን ንድፈ ሐሳቡ ራሱ አይሠራም።

ቶኒ ሎውሰን እ.ኤ.አ. በ1997 «ምጣኔ ሀብትና እውነታ» በተሰኘው መጽሐፋቸው ጥያቄውን ከእሳቤ አልፈው ወደ ሥነ ህላዌ ያደርሱታል። እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ሳይንስ እውናዊ ንድፈ ሐሳብ ያቀረቡትን የሮይ ባስካርን ፈለግ በመከተል፣ እውነታ ድርብርብ ነው ይላሉ፤ ሰው የሚያስተውለው ልምድ፣ ታየም አልታየ የሚደርሰው ኩነት፣ ከኩነቱም ሥር ሆኖ የሚያስከትለው ኃይል ሦስት ደረጃዎች ናቸው። እሳቸውም የቅጠል ምሳሌ አላቸው፤ የእሳቸው ቅጠል ግን ከዛፍ የሚረግፍ ነው። የመሬት ስበት ቅጠሉን ዘወትር ወደ ታች ይስበዋል፤ ነፋስ ስለሚያንገላታው ግን መንገዱ ቀጥ ያለ አይሆንም። ከመንገዱ መጣመም ተነሥቶ ስበት የለም የሚል ሰው ይሳሳታል። ማኅበራዊው ዓለምም ብዙ ኃይሎች በአንድ ጊዜ የሚሠሩበት ክፍት ሥርዓት ስለሆነ፣ «ይህ በሆነ ቁጥር ያ ይሆናል» የሚል ደንብ የሚሻ ሒሳባዊ ሞዴል ያለ ቦታው የዋለ መሣሪያ ነው ብለው ይደመድማሉ።

የሎውሰን መጽሐፍ ጥንካሬ በፍልስፍናው፣ ድክመቱ በተጨባጭ ማስረጃው ላይ ነው። ክርክሩን ለመፈተን የሚያመች ማስረጃ የሚገኘው ከሌላ መጽሐፍ፣ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ካሳተሙት «ድህነትና ችጋር» ነው። ሴን አንዱን ምዕራፍ ለኢትዮጵያ ሰጥተዋል። የተለመደው ማብራሪያ ችጋርን የምግብ አቅርቦት መቀነስ ያደርገዋል፤ አቅርቦት ሲቀንስ ዋጋ ይንራል፤ የናረ ዋጋም እህል ወደ ተራበው ስፍራ እንዲጎርፍ ይጠራል። ሴን የመረመሩት ማስረጃ ግን ከዚህ ጋር አልገጠመም። በወሎ ምርት ክፉኛ ቢጎዳም፣ በአገር ደረጃ የነበረው የምግብ መጠን እጅግ አላሽቆለቆለም። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ብዙም አልጨመረም። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የወጣ እህል ነበር።

ሴን ለዚህ የሰጡት ማብራሪያ በ«ባለመብትነት» ላይ የተመሠረተ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ባለው መሬት፣ ከብት፣ ጉልበት ወይም ሙያ አማካይነት፣ በጸናው ሕግ መሠረት፣ ምግብን በእጁ ለማስገባት ያለው አቅም ነው። የወሎ ገበሬ አዝመራው ሲጠፋ የሚበላውን ብቻ ሳይሆን ሸጦ የሚገዛበትንም አጣ። ገንዘብ የሌለው ፈላጊ በገበያ ላይ ድምፅ የለውምና ዋጋው ባለበት ቆየ። የገበሬው ገቢ ሲደርቅ ሎሌው ከቤት ተሰናበተ፤ ሸማኔውና ሌላው የእጅ ባለሙያም ገዢ አጣ። የአፋር አርብቶ አደር በበኩሉ በሁለት በኩል ተመታ። በአዋሽ ሸለቆ የንግድ እርሻ በመስፋፋቱ የበጋ ግጦሹን አስቀድሞ ተነጥቆ ነበር፤ ድርቁ ከብቱን ሲፈጅበት ደግሞ የተረፈው ከብት በእህል ሲለወጥ ዋጋው ወደቀ።

ከዚህ ጎን እ.ኤ.አ. የ1943ቱ የቤንጋል ችጋር ሲቀመጥ የእውናዊነት ጥያቄ ጎልቶ ይወጣል። በቤንጋል የጦርነት ወጪ ያመጣው ግሽበት የሩዝን ዋጋ እጅግ አናረው፤ የገጠር የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ግን አልተከተለውም። በአንዱ ስፍራ ዋጋ ሰማይ ነካ፤ በሌላው ባለበት ቆየ። በዋጋና በችጋር መካከል ቋሚ ደንብ የሚፈልግ ተመራማሪ ከሁለቱ አንዱን እንደ እንግዳ ነገር ሊተወው ይገደዳል። ሥር ያለውን ኃይል የሚፈልግ ግን በሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር ያገኛል፤ የተወሰኑ የሕዝብ ክፍሎች ምግብን በእጃቸው የማስገባት አቅም ፈርሷል። የሎውሰን ቅጠል ይኸው ነው፤ መንገዱ ይለያያል፣ የሚስበው ኃይል አንድ ነው።

የፍሪድማን ደጋፊ እዚህ ላይ ተገቢ መልስ አለው። የአቅርቦት ሞዴሉ የዋጋ ንረትን ተነበየ፤ ንረቱ አልመጣም፤ ስለዚህ ሞዴሉ በራሱ በፍሪድማን መስፈርት ወድቋል፤ ታዲያ ሥነ ህላዌ ምን ጨመረ? ሊባል ይችላል። መልሱ ሁለት ገጽ አለው። በመጀመሪያ፣ የትንበያ ፈተና ውጤቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው፤ ሰዎች ከሞቱ በኋላ የሚመጣ ማረሚያ ለሟቾቹ አይደርስም። ሁለተኛ፣ ፈተናው ሞዴሉ መውደቁን ይናገራል እንጂ ቀጥሎ ወዴት መመልከት እንደሚገባ አይናገርም። ሞዴሉ የሚያውቀው ጠቅላላ የእህል መጠንንና ዋጋን ብቻ ከሆነ፣ ሎሌውና ሸማኔው በውስጡ ስፍራ የላቸውም። የጎደለው የቁጥር ጥራት ሳይሆን በዓለም ውስጥ ያለ አንድ ነገር፣ ማለትም በሰውና በምግብ መካከል ያለው ግንኙነት፣ በንድፈ ሐሳቡ ውስጥ አለመኖሩ ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ማስረጃ ሎውሰንንም ያርማል። ሴን የባለመብትነትን ሐሳብ በመጽሐፋቸው አባሪ ላይ በስብስብ ቋንቋና በቀመር ጭምር አብራርተውታል። ቀመሩ ግን የተዘጋ ዓለምን አልፈጠረም፤ ማን በምን መንገድ ምግብ እንደሚያገኝ ለመጠየቅ የሚረዳ ሥርዓት ያለው ዝርዝር ሆኖ አገልግሏል። ስለዚህ ሒሳብን በጅምላ ከዝግ ሥርዓት ጋር ማዛመድ የሎውሰን ክርክር ደካማ ጎን ነው። ማኪ እንደሚሉት አንድን ኃይል ከሌሎች ነጥሎ ማጥናት ከእውናዊነት ጋር አይጋጭም፤ የሚጋጨው የተነጠለው ነገር በዓለም ላይ ከሌለ ወይም የተተወው ነገር ዋናው ከሆነ ነው። መመርመር ያለበት ቀመሩ የሚወክለው ነገር ነው።

በዚህ ሚዛን ሴን ራሳቸው ሲመዘኑ ጉድለት ይታይባቸዋል። ባለመብትነት የጸናውን ሕግ እንደ ተሰጠ አድርጎ ይቀበላል፤ ሕጉን ማን እንዳወጣውና በማን ላይ እንደሚከብድ ግን ከሞዴሉ ውጭ ይቀራል። መስፍን ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመው፣ ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ዘመን በሚያጠናው መጽሐፋቸው፣ የኢትዮጵያ ገበሬ ድርቅ ከመምጣቱ አስቀድሞ በማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኃይሎች ተጋላጭ ተደርጎ እንደነበር ይከራከራሉ። አሌክስ ደ ቫል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ስለ ዳርፉር ባቀረቡት ጥናት፣ ሰዎች የነገ መተዳደሪያቸውን ላለማጣት ዛሬ መራብን እንደመረጡ፣ ብዙዎችም የሞቱት በምግብ ማጣት ብቻ ሳይሆን በበሽታ መሆኑን አሳይተዋል። ሁለቱም ትችቶች የሴን ሞዴል ዓለምን በዝርዝር አይመስልም ከሚለው ነቀፋ ይለያሉ። የሚሉት፣ ሥራ የሚሠራ አንድ ኃይል ተትቷል ነው። የእውናዊነት ክርክር ፍሬ የሚያፈራው እንዲህ፣ የትኛው ነገር እንደተተወ በስም ሲጠራ ነው።

ይህ አካሄድ ለአማርኛ የምጣኔ ሀብት ጽሑፍ እንግዳ አይደለም። ገብረሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተሰኘው ሥራቸው ሀብት ከምን እንደሚመነጭ ጠይቀው ሥራንና ዕውቀትን በመሠረትነት አስቀምጠዋል። ቋንቋውም ራሱ መለያየትን ያውቃል፤ ድርቅ የሰማይ ነገር ነው፣ ረኃብ የሥጋ ነው፣ ችጋር ደግሞ የቤትና የአገር ነው። ድርቅን ለክቶ ስለ ችጋር የተናገረ የሚመስለው ሞዴል ሦስቱን ደባልቋል። በዚህ ክፍለ አህጉር ስለ ምግብ፣ ስለ ዋጋና ስለ ገቢ የሚጻፍ ጥናት ከቀመሩ በፊት ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎችም ከዚሁ ይወጣሉ፤ እህሉ በማን እጅ ነው? ያ እጅ ወደ ሌላው የሚዘረጋው በምን መብት ነው? ያ መብት ቢቋረጥ ጥናቱ በሚለካው ቁጥር ላይ ይታያል ወይስ አይታይም?