ስለ ሞን ብላን ተራራ ግርማና አስፈሪነት
በፈረንሳይና በኢጣሊያ ወሰን ከ4,800 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የቆመው የሞን ብላን ተራራ፣ ብርሃነ ፀሐይ በማለዳ ራሱን ሲነካው በረዶው እንደ ካህን ልብሰ ተክህኖ የሚያበራ፣ የተመልካቹንም ልቡና ለአምላክ ምስጋና የሚያነሣሣ ድንቅ ፍጥረት ነው። ከተራራው ግርጌ የምትገኘው የሻሞኒ ከተማ ተወላጆች ሐኪሙ ሚሼል ፓካርና ዣክ ባልማ እ.ኤ.አ. በ1786 ጫፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጡት። ይሁን እንጂ ተራራው አስፈሪም ነው፤ ግግር በረዶው ከክብደቱ የተነሣ ቀስ እያለ ቁልቁል ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፤ የስንጥቁንም አፍ አዲስ በረዶ ይሸፍነዋልና፣ ጥልቁ ከእግር በታች ተሰውሮ ይኖራል። ስለዚህ ተራራ ወጪዎቹ በአንድ ገመድ ተሳስረው፣ የአንዱ ሕይወት በሌላው ጽናት ተደግፎ፣ ፀሐይ በረዶውን ሳታላላው ገና በሌሊት ይነሣሉ። ከጫፉ መድረስ ክብር ነው፤ ነገር ግን ደመናው ሲከብድ በትሕትና ከመንገድ የሚመለሰው ይበልጥ ሊመሰገን ይገባዋል።