ውሳኔ በቦታው

ባንክ ቤት ወረፋ ጠብቆ «ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ ሰው አገራችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ከፋዩ ወንበሩ ላይ ነው፣ ኮምፒውተሩ በርቷል፣ ብሩም ካዝና ውስጥ አለ። የተቋረጠው ቅርንጫፉን ከዋናው ዳታ ሴንተር የሚያገናኘው መስመር ነው። ስሌቱ ሁሉ የሚሠራው እዚያ ስለሆነ እዚህ ያለው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እኔ የምሠራበት ኤጅ ኮምፒውቲንግ የሚባለው ሙያ ከዚያ ስሌት የተወሰነውን መረጃው ወደሚፈጠርበት ቦታ ያስጠጋል፤ ወደ መጋዘኑ፣ ወደ ፋብሪካው፣ ወደ ጤና ጣቢያው፣ ወደ ቴሌኮም ማማው። የሙያው ከባዱ ክፍል የቱ መጠጋት እንዳለበት መለየት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ፍጥነት ነው፤ እውነትም አለው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በየ100 ኪሎ ሜትሩ ደርሶ መልስ 1 ሚሊሰከንድ ይሄዳል ማለት ነው፤ በተለመደው ፋይበር እስከሄደ ድረስ የቱንም ያህል ገንዘብ ቢፈስስ ከዚህ አይወርድም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጅቡቲ በኩል ቀይ ባሕርን አቋርጦ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ዘንድ የሚደርስ ጥያቄ፣ ሰርቨሩ ገና ምንም ሳይሠራለት መንገዱ ብቻ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሚሊሰከንዶች ይፈጅበታል። ቶም ሌይተንና ተማሪው ዳንኤል ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1998 አካማይ የተባለውን ኩባንያ ሲያቋቁሙ የኢንተርኔትን መጨናነቅና መዘግየት የተቋቋሙት የድረ ገጾችን ቅጂ በየአካባቢው በተተከሉ ሰርቨሮች ላይ በማስቀመጥ ነበር። 5ጂም ያለዚህ ጎደሎ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በ2022 አዲስ አበባ ላይ 5ጂን አስጀምሯል። ስልክና ማማ የሚነጋገሩበት ጊዜ ቢያጥርም፣ ጥያቄው ከማማው አልፎ ባሕር ማዶ የሚሄድ ከሆነ የተገኘው ትርፍ መንገድ ላይ ይቀራል።

እኔን ከፍጥነቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ መስመሩ ሲቋረጥ የሚሆነው ነው። የክትባት ማቀዝቀዣ ክፍልን እንውሰድ። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት መቆየት አለባቸው። በብዛት የማየው አሠራር እንዲህ ነው፤ ሴንሰሩ ሙቀቱን ይለካል፣ በሲም ካርድ ባሕር ማዶ ወዳለ ክላውድ ይልካል፣ ክላውዱ ከ8 በላይ መሆኑን አይቶ ለኃላፊው መልእክት ይልካል። 9 ከ8 እንደሚበልጥ ለማወቅ ባሕር መሻገር ምን አመጣው? መብራት ሲጠፋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኔትወርኩም አብሮ ይደክማል። ማስጠንቀቂያው በጣም የሚያስፈልገው የማይደርስበት ሰዓት ላይ ነው።

ስለዚህ ንጽጽሩን ግድግዳው ላይ በምትሰቀል ትንሽ ኮምፒውተር እናሠራዋለን። ባትሪ አላት፤ ሙቀቱ ሲያልፍ ማንንም ሳትጠይቅ ሳይረን ታስጮሃለች። በአንድ የክልል ከተማ መጋዘን ሳይረኑን ስንሞክር የሌሊት ጥበቃው፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባት፣ «ልጄ፣ ይሄ ሲጮህ ለማን ነው የምደውለው?» አሉኝ። እሳቸው ዳሽቦርድ የላቸውም፤ ያላቸው ጆሮና ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ከዚያ ወዲህ የተረኞቹ ስልክ ቁጥር በትልቁ ተጽፎ ከኮምፒውተሯ ሣጥን አጠገብ ሳይለጠፍ ሥራው አልቋል አልልም።

ሌላው የማልደራደርበት ነገር ሰዓት ነው። ብዙዎቹ ርካሽ ቦርዶች ኃይል ሲቋረጥ የሚቆጥርላቸው የራሳቸው ሰዓት የላቸውም፤ ሲነሱ ከኢንተርኔት ይጠይቃሉ። ኢንተርኔት ከሌለ መጨረሻ ከሚያውቁት ሰዓት ይቀጥላሉ። ባትሪው አልቆ መብራቱ ለስድስት ሰዓት ጠፍቶ ቢመለስ፣ በመዝገቡ ላይ ያ ስድስት ሰዓት ጨርሶ የሌለ ይመስላል። ቁጥሮቹ እያንዳንዳቸው ትክክል ናቸው፤ አንድ ላይ ሲነበቡ ግን ይዋሻሉ። ክትባቱ ይሰጥ ወይስ ይወገድ የሚለው ደግሞ የሚወሰነው ሙቀቱ ስንት በመድረሱ ብቻ ሳይሆን ለምን ያህል ጊዜ በመቆየቱም ነው። መፍትሔው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪና አንዲት የሰዓት ቺፕ ናት። ዋጋዋ ትንሽ ስለሆነ ይመስለኛል ብዙ ጊዜ የምትረሳው። መስመሩ ሲመለስም መጀመሪያ የአሁኑ ሙቀት ይላካል፤ የተጠራቀመው መዝገብ ቀስ እያለ ይከተላል።

ይህን የሰማ ሰው ታዲያ ባንኩስ ለምን እንዲህ አያደርግም ይላል። ሒሳብ ሌላ ነገር ነው። አንድ ደንበኛ 10,000 ብር አለው እንበል። መስመር የተቋረጠባቸው ሁለት ቅርንጫፎች በየራሳቸው መዝገብ አምነው ለእሱና ለወኪሉ እኩል 10,000 ቢከፍሉ፣ እያንዳንዳቸው አልተሳሳቱም፤ ባንኩ ግን ከስሯል። የማቀዝቀዣው ሙቀት ያለው አንድ ቦታ ነው፤ የደንበኛው ሒሳብ ግን በአንድ ጊዜ ከየትም ሊነካ ይችላል። እንዲህ ያለ ውሳኔ አንድ ቦታ መሰብሰብ አለበት፤ ቢበዛ ለትንሽ ገንዘብ ጣሪያ አስቀምጦ ቅርንጫፉን ማሠራት ይቻላል። «ሲስተም የለም» ደንበኛውን ያማርራል፤ ከፋዩ ግን ያን ጊዜ የሚሰጠው ትክክለኛ መልስ እሱ ነው። ክላውድ አበቃለት የሚሉ ሻጮችን የማላምነውም ለዚህ ነው። የብዙ መጋዘኖችን መዝገብ አንድ ላይ አይቶ የትኛው ኮምፕረሰር እየደከመ እንደሆነ የሚለየው ክላውዱ ነው፤ ግድግዳዬ ላይ ያለችው ሣጥን ከአንድ ክፍል ውጭ አታይም።

ሣጥኖቹ ሲበዙ ፕሮግራማቸውን ማሻሻል ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። ዳታ ሴንተር ውስጥ የተበላሸን ሰርቨር ቴክኒሺያን ደርሶ ያየዋል፤ እዚህ ግን በሩቅ የተላከ አንድ የተሳሳተ ፕሮግራም የቀን መንገድ ያስኬዳል። ስለዚህ እያንዳንዷ ሣጥን ሁለት የሥርዓት ቅጂ ትይዛለች፤ አዲሱ ካልተነሳ ራሷ ወደ አሮጌው ትመለሳለች። ማሻሻያውን መላክም ከአንድ መጋዘን እጀምራለሁ፤ እሱም የምመርጠው ቅርብ የሆነውን፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው ያለበትን ነው።