«ደብር» ስለሚለው ቃል

«ደብር ማለት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው» የሚለው ትርጓሜ ያለ ምርመራ ሲደጋገም ይታያል። ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አንደፍርም፤ ዳሩ ግን ቃሉን ከጫፉ ይዞ ሥሩን የተወ ትርጓሜ ነው።

በግዕዝ ደብር ተራራ ነው። የደብረ ታቦር ከተማ ስሟን ያገኘችው ክርስቶስ ብርሃነ መለኮቱን ከገለጸበት ከገሊላው ተራራ ነው፤ ነሐሴ 13 ቀን የሚውለውም በዓል በዚሁ ስም ይጠራል። መነኮሳት በተራራ ላይ ስለ ሰፈሩ የተራራው ስም የማኅበራቸው ስም ሆነ። ደብረ ዳሞን ያየ ሰው ለዚህ ሌላ ምስክር አይሻም። ነገሩ የእኛ ብቻም አይደለም፤ በግብፅ ቅብጥኛም ተራራ የሚለው ቃል የመነኮሳትን ሰፈር ጭምር ያመለክታል። ኋላ ግን ቃሉ ከተራራው ወረደና በሜዳ የተተከለው ሁሉ «ደብረ» እየተባለ ይሰየም ጀመር።

የገዳምም ነገር እንዲሁ ነው። ጥንተ ፍችው ዱር፥ ምድረ በዳ ነው። በአዲስ ዘመን አጠገብ ጣራ ገዳምን የተመለከተ፥ ዙሪያው ታርሶ ሳለ ደኑ ቆሞ ሲያይ፥ መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ ፍችውን ያገኘዋል።

እኛ ተማሪዎች በብርቱ የምንሳሳተው ግን የጎንደርን የጉልት ጽሑፎች ስናነብ ነው። መሬት «ለደብሩ ተሰጠ» ቢባል ለግንቡ ተሰጠ ማለት አይደለም። ካህናቱና ደብተሮቹ መሬቱን በአገልግሎታቸው ይካፈሉት ነበር፤ አገልግሎቱን ያስታጎለም ድርሻው ያሠጋው ነበር። እንግዲህ በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ ደብር ሲባል ሰዎቹ፥ መሬቱና የግብሩ መብት በአንድነት ይታሰባሉ። ይህ ይዞታ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ቀርቷል። ዛሬ ቃሉን ስንሰማ ሕንፃው ብቻ ወደ ልባችን የሚመጣውም ምናልባት ስለዚህ ይሆናል።

ደብርን «አጥቢያ» ብለው የሚተረጉሙም አሉ። ይህ ከፊተኛው የባሰ ነው። አጥቢያ ምእመናኑ የሚኖሩበት ቀበሌ ነው። በአጥቢያው ተጠምቆ በአጥቢያው የሚቀበር ገበሬ ከደብሩ መሬት አንዳች ድርሻ ላይኖረው ይችል ነበር፤ እንዲያውም ለደብሩ ግብር የሚከፍለው እርሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ቃላት አንድ ያደረገ ተርጓሚ ከፋዩንና ተቀባዩን አንድ አድርጓል።