መርማሪውም ጠራጊውም አንድ ሰው

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሻጋታ ነው። «ድሬዳዋንና ሻጋታን ደግሞ ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉኝ። በዚያ ሙቀት የተሰጣ ልብስ ዞር ሳትሉ ይደርቃል፤ እውነት ነው። ውኃ ከውስጥ የሚጠጣ ግድግዳን ግን የድሬ ፀሐይም አያድነውም።

ሁርሶ የምትኖር አክስት አለችኝ። ባለፈው ክረምት የመታጠቢያ ቤቷ ግድግዳ ጥጉ ላይ ጠቆረ። ወደ ሳሎኑ በኩል ደግሞ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ቀለሙን እየገፈፈ ወጣ። አክስቴ አስም አለባትና ደነገጠች። መደንገጧ ልክ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ እርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካላት ችግርና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጡ ተናግሯል።

«ባለሙያ» ከከተማ ተጠራ። «ምርመራው በነጻ ነው» አለ። ባትሪውን አብርቶ አየ፣ ግድግዳውን ኳ ኳ አደረገ፣ ራሱን ነቀነቀ። «እማማ፣ ቤቱ በሙሉ ተበልቷል!» የሦስት ክፍል ልስን ይነሳል፤ መድኃኒት ይረጫል፤ ከዚያ ቀለም ይቀባል። ቀለሙም እሱ ከሚያውቀው ሱቅ ካልተገዛ አይሆንም። የጠራው ዋጋ አክስቴ ስንት ወር የጣለችውን እቁብ ጠራርጎ የሚወስድ ነበር።

እኔ የደረስኩት ቀብድ ልትሰጠው ስትል ነው። «ሌላ ሰው ይየው» አልኳት።

«አቦ ተወኝ! ሰውዬው በዚህ ፀሐይ ድረስ መጥቶ፣ ሻዬን ጠጥቶ፣ እንዴት ሌላ ላስመጣበት? አላመንኩህም ማለት አይሆንም?»

አያችሁ? የጥቅም ግጭት የሚባለው ነገር እኛ ቤት የሚገባው በዚህ በር ነው፤ በይሉኝታ። «ከዚህ ሥራ ምን ታገኛለህ?» ብሎ መጠየቅ ስድብ ይመስለናል። እጃችን ላይ ያለው ገንዘብ ተቆጥሮ ሲያልቅ ግን ሐሜቱን የሚያህለን የለም።

እኔም ብሆን የተሻልኩ አልነበርኩም። መጀመሪያ የደወልኩት ለማን መሰላችሁ? ልስንና ቀለም ለሚሠራ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ። ግድግዳውን ሳያይ «ሥራውን ለኔ ታደርገዋለህ አይደል?» አለኝ። ያኔ ነቃሁ። የማላውቀውን ሰው ጥቅም ተጠራጥሬ የማውቀውን ሰው ጥቅም ልጠራ ነበር! «የእኛ ሰው» ስንል ከጥቅም ነጻ የሆነ ሰው ማለታችን ይመስለናል። አይደለም። እንዲያውም የእኛን ሰው «አይ፣ ይቅርብኝ» ለማለት ይበልጥ ይከብደናል።

በመጨረሻ ጡረታ የወጡ አንድ ግንበኛ ተገኙ። አስቀድመን ተነጋገርን፤ የሚከፈላቸው ለማየት ብቻ ነው፣ የጥገናው ሥራ የሳቸው አይሆንም። ሽማግሌው ነጩ ዱቄት ላይ ውኃ ጠብ አደረጉበት። ሟሟ። «ይሄ ሻጋታ አይደለም፣ ጨው ነው» አሉ። ውኃ በብሎኬቱ ውስጥ ሲጓዝ ያለውን ጨው ይዞ ይወጣል፤ ውኃው ሲተን ጨው ግድግዳው ላይ ይቀራል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር የሚያውቅ የድሬ ሰው ይሄ ሊገርመው አይገባም። ጥቁሩ ግን እውነተኛ ሻጋታ ነበር፤ ስፋቱ አንድ እንጀራ ቢያክል ነው። ምክንያቱ ደግሞ ከሮቶው የሚወርደው ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ማንጠባጠቡ።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከአንድ ካሬ ሜትር ገደማ ያነሰ ሻጋታን ባለቤቱ ራሱ በሳሙናና በውኃ አጽድቶ ማድረቅ ይችላል ይላል፤ የውኃው ምንጭ ካልተዘጋ ግን ተመልሶ ይመጣል። አስም ያለበት ሰው ስለማይነካው ጓንት አጥልቄ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ያጠብኩት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያውን ሰውዬ ሌባ ነው አልልም። ምናልባት የተናገረውን ከልቡ አምኖበት ይሆናል። ግን አበው እንደሚሉት በጅብ ቆዳ የተሠራ ከበሮ ሲመቱት «እንብላው እንብላው» ይላል። ጨው ነው ቢል ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ሻጋታ ነው ቢል የሦስት ክፍል ሥራ ያገኛል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የቆመ ሰው ደግ ቢሆንም ዓይኑ ያዳላል።

ይሄን የተረዱ አገሮች በሕግ ለይተውታል። በቴክሳስ፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በኒው ዮርክ፣ የአንድን ቤት ሻጋታ የመረመረ ድርጅት ያንኑ ቤት ማጽዳት አይችልም። እኛም ብንሆን ሐሳቡ እንግዳ አይደለንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወኪል ከራሱ ጋር የገባውን ውል ወካዩ እንዲያፈርስ ይፈቅዳል። ሕንጻ ሲሠራም ተቋራጩና ተቆጣጣሪው መሐንዲስ እንዲለያዩ እንጠብቃለን። ለፎቅ የምናስበውን ለአክስቴ ቤት ስንሆን እንረሳዋለን።

«ሁርሶ ላይ ሁለት ባለሙያ ከየት ይመጣል?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ይከብዳል። ቢያንስ ግን ለሚያይ ሰው የማያ ዋጋውን እንክፈለው፤ «ነጻ» የተባለው ምርመራ ሒሳቡ ልስኑ ውስጥ ተደብቆ ይመጣል። ያየውን በወረቀት ይጻፍልን፤ ችግሩ ምንድን ነው፣ ስፋቱ ስንት ነው፣ ውኃው ከየት ነው የሚመጣው? ዕቃውን ራሳችን እንግዛ። ሲያልቅም «ጸድቷል» የሚለን ያጸዳው ሰው አይሁን።

ሽማግሌው ሒሳባቸውን ተቀብለው ሊወጡ ሲሉ «ለቧንቧው ጥሩ ልጅ አውቃለሁ» አሉ። ድሬ አንቱ አታውቅምና አክስቴ ሻይ እየቀዳች «ምንህ ነው?» አለቻቸው።

«የእህቴ ልጅ።»

ሦስታችንም ሳቅን። ሻዩ ተጠጣ፤ ቧንቧውን ግን ሌላ ሰው ሠራው። ሽማግሌውም አልተቀየሙም።