«አግሎ መንከር» ብቻ አይበቃም

ስለ ብረታ ብረት ቅይጦችና በሙቀት ስለሚደረግላቸው አያያዝ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተዘጋጀ አንድ የትምህርት ማስታወሻ ሰሞኑን እጃችን ገብቶ ከዳር እስከ ዳር አነበብነው። አዘጋጁ ደክሞበታል፤ ሥዕሎቹ ግልጽ ናቸው፤ የቅይጦቹ ሠንጠረዥም ለፈተና የሚያጠናን ተማሪ ይረዳል። ይሁን እንጂ ዋናው ምዕራፍ የቆመው በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም ማንኛውም ብረታ ብረት ግሎ በድንገት ከቀዘቀዘ ጠንካራ ይሆናል የሚል ነው። «ማንኛውም» የሚለውም ሆነ «ጠንካራ» የሚለው ቃል ያስቸግሩናል።

ከሁለተኛው እንጀምር። ሞረድ ጠንካራ ነው እንላለን፤ ምስማርን ይፍቃልና። በመዶሻ ቢመቱት ግን ይሰበራል። የመኪና ባሌስትራም ጠንካራ ነው እንላለን፤ እሱ ደግሞ ይለመጣል፣ ይመለሳል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። አንዱ መፋቅን ይቋቋማል፣ ሌላው ምትን ይችላል። ማስታወሻው ሁለቱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ስለሚጠራቸው፣ ተማሪው አንዱ ሲጨምር ሌላው የሚቀንስ መሆኑን ሊጠረጥር አይችልም። (ለአንደኛው «ጠጣር» የሚለውን ቃል እንዳንሰጠው፣ በኬሚስትሪ ክፍል ከፈሳሽና ከጋዝ ጋር ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል። ስለዚህ ቃላቱ ቢረዝሙም ዘርዝሮ መናገር ይሻላል።)

ነገሩ የቃል ጨዋታ አይደለም። እኛም በተማሪነታችን ጊዜ ይህንኑ ትምህርት አምነን መሮ ሠርተን ነበር። ብረቱን አጋልነው፣ ውሃ ውስጥ ነከርነው፣ ሞረድ እንኳ አልፍቀው ሲል ደስ አለን። በመጀመሪያው የመዶሻ ምት ጫፉ ተሰብሮ የጓደኛችንን ቅንድብ ሰንጥቆ አለፈ። ዓይኑ የተረፈው በጣት ስፋት ነው። የጎደለው ሥራ የተነከረውን ብረት በመጠነኛ ሙቀት እንደገና ማሞቅ ነበር። ይህ ሁለተኛ ማሞቅ በያዝነው ማስታወሻ የተሰጠው ቦታ በምዕራፉ መጨረሻ አንድ መስመር ተኩል ብቻ ነው!

አሁን ወደ «ማንኛውም» እንመለስ። አንድ ባለእጅ ቢላዋ ሊሠራ ሲነሳ የሚፈልገው ያረጀ ባሌስትራ ነው፤ የግንባታ ፌሮ ቢሰጡት ስለት አይዝም ይላል። ትክክል ነው። በባሌስትራ ውስጥ ያለው ካርቦን 0.6 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በተራ ፌሮ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ ከ0.3 በመቶ በታች ነው። ብረት ከ727 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል የአቶሞቹ አደራደር ይለወጥና ካርቦኑን በውስጡ ማሟሟት ይችላል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ካርቦኑ ጊዜ አግኝቶ ይለያል፤ ብረቱም ይለሰልሳል። በድንገት ከቀዘቀዘ ግን ካርቦኑ መውጫ አጥቶ በአቶሞቹ መካከል እንደታፈነ ይቀራል፣ አደራደራቸውንም ያጣምመዋል። ሞረድ የማይፍቀው፣ ነገር ግን ተሰባሪ የሆነው ብረት ይህ ነው። እንግዲህ የሚታፈን በቂ ካርቦን ከሌለ፣ ውሃው ብቻውን ምን ሊያደርግ ይችላል?

መዳብ ደግሞ ጭራሹን ተቃራኒ ነው። በመቀጥቀጥ የደረቀ የመዳብ ሽቦ ግሎ ውሃ ውስጥ ቢነከር ይለሰልሳል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የአሉሚኒየም ቅይጥ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 አልፍሬድ ቪልም የተባለ ጀርመናዊ በበርሊን አጠገብ አሉሚኒየምን ከ4 በመቶ ገደማ መዳብና ከጥቂት ማግኒዚየም ጋር ቀይጦ፣ አግሎ ነከረው። ወዲያው ሲለካ ቅይጡ ያን ያህል አልጠነከረም። ከቀናት በኋላ እንደገና ሲለካ ግን ማንም ሳይነካው፣ በተቀመጠበት ጠንክሮ ተገኘ። ዱራሉሚን የተባለው ይህ ቅይጥ በኋላ ለአየር መርከቦችና ለአውሮፕላኖች አካል ዋለ። በፋብሪካዎች ውስጥ ከዚህ ዓይነት ቅይጥ የተሠሩ ሪቤቶች ከመመታታቸው በፊት እንዳይጠነክሩ በማቀዝቀዣ ይቀመጡ ነበር። ምክንያቱ መዳቡ ከአሉሚኒየሙ ውስጥ ቀስ በቀስ እየተለየ እጅግ ጥቃቅን ክምችቶችን መሥራቱ ሲሆን፣ ጊኒየ በፈረንሳይ፣ ፕሬስተን በእንግሊዝ፣ በየፊናቸው እ.ኤ.አ. በ1938 በኤክስሬይ አረጋግጠዋል። ማስታወሻው ዱራሉሚንን በሠንጠረዡ ውስጥ አስገብቶታል፤ የራሱን ዓረፍተ ነገር እንደሚያፈርስበት ግን አላስተዋለም።

አዘጋጁ ሁለተኛ እትም የሚያወጣ ከሆነ፣ ከትርጓሜዎቹ ጥቂቱን ቀንሶ በምትካቸው ሦስት የልብስ መርፌዎች ቢያስገባ እንመርጣለን። ሦስቱም በጉጠት ተይዘው በላቦራቶሪ እሳት ላይ እስኪቀሉ ይጋሉ። አንደኛው ከነበልባሉ ቀስ ብሎ ይራቅና ይቀዝቅዝ፤ ሲታጠፍ እንደታጠፈ ይቀራል። ሁለተኛው እንደጋለ ውሃ ውስጥ ይግባ፤ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሦስተኛው ከተነከረ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ተወልውሎ፣ ከነበልባሉ በላይ ራቅ ተደርጎ እንደገና ይሙቅ፤ መልኩ መጀመሪያ እንደ ገለባ ቢጫ፣ ከዚያም ወደ 300 ዲግሪ ሲቃረብ ሰማያዊ ይሆናል። ያን ጊዜ ሲለመጥ ይመለሳል። ከመታጠፋቸው በፊት ግን መምህሩም ተማሪዎቹም የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ።